ድሪቶ ያልሽው አልጋ ልብስ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ትጎተቻለሽ ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ሳሉ ተወው? በሚጣ ሠርግ ሩጫ መቼም እንቅልፍ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ አንቺ እንግዳ የምትጠሪ ሳይሆን ፈተና የምትቀመጪ ነው የሚመስልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔም፣ እጄም፣ የስፌት መኪናዬም ደህና ናቸው። አፌም ደህና ነው፣ እንደምታዪው።

ባለፈው በስልክ ስናወራ መስመሩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ባልዘጋው ኖሮ የማይባል ነገር ያመልጠኝ ነበር፤ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም። ስለዚህ ረጋ ብዬ በወረቀት ልናገረው።

ያልሽኝን ልድገምልሽ፣ ኋላ አላልኩም እንዳትዪ። ለሚጣ የሠርግ ስጦታ የሰፋሁትን አልጋ ልብስ፣ ያንን ድሪቶ ይዘሽ አማቾቻችን ፊት እንዳትመጪ፣ አታዋርጂን አልሽኝ። እነሱ ያመጡት ብርድ ልብስ ከነከረጢቱ ሳሎን ተቀምጦ የገባው ሁሉ እየዳሰሰው ነው አልሽኝ። ይህ አልበቃ ብሎሽ፣ የፊተኛው ጠረጴዛ ለቅርብ ቤተሰብ ስለሆነ እኔ ከጎረቤቶች ጋር ከኋላ ብቀመጥ እንደሚሻል ነገርሽኝ። ኤዲያ! ሞኝሽን ፈልጊ፣ እትዬ።

በመጀመሪያ ድሪቶ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ መቼም በዚህ በኩል አትበልጪኝም። ድሪቶ የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ እየለጠፉ፣ ሲቀደድ ሌላ እየደረቱ፣ ዋናው ጨርቅ እስኪጠፋ የሚለበስ ነው። ቀዳዳ መሸፈኛ ነው። እኔ የሸፈንኩት ቀዳዳ የለም። ለደንበኞቼ ሰፍቼ የተረፈኝን ብጣሽ ሁሉ ሦስት ጣት በሚሆን ስፋት በረጃጅሙ ቆረጥኩት። ጥብጣቦቹን ጎን ለጎን እየገጠምኩ ሰፋሁና በካውያ ተኮስኳቸው። አንድ ሰፊ ዥንጉርጉር ጨርቅ ሲወጣው፣ መልሼ አግድም ቆራረጥኩት። ገባሽ? ቀን ሙሉ የለፋሽበትን ስፌት ራስሽ መቀስ ታስገቢበታለሽ። ልብ ይጠይቃል። ከዚያ አንዱን ቁራጭ ቁም፣ ሌላውን አግድም እያደረግሽ ስታጋጥሚያቸው ነው መልክ የሚይዘው።

የመጀመሪያው ተበላሽቶብኛል፣ አልዋሽሽም። ጥብጣቡን ሁሉ ከአንድ ጫፍ ብቻ እየጀመርኩ ስሰፋው ኖሮ፣ ሲያልቅ እንደ ሙዝ ጎበጠ። በካውያ ብጫነው፣ ብጎትተው፣ ወይ ፍንክች! ፈታሁትና አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እየጀመርኩ ስሰፋው ቀጥ አለ። አንቺም ነገርን ሁሉ ከአንድ ጫፍ ነው የምትጀምሪው፣ ሰው ምን ይላል ከሚለው። እኔና አንቺ እንዲህ የተጣመምነው ለዚህ ነው።

ደግሞስ በውስጡ ማን የለም? የጥርስ ሐኪሟ ቀሚስ አለ፣ የትራፊኩ ሱሪ አለ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ መጋረጃ አለ። አንቺም አለሽበት። ያንን ጠበበኝ ብለሽ ያስፈታሽውን ወይን ጠጅ ቀሚስ አስታወስሽው? ቀሚሱ እንኳ ምንም አላደረገም፤ የጨመርሽው አንቺ ነሽ። እና ድሪቶ ስትዪ ራስሽንም ጨምረሽ እየሰደብሽ ነው።

ስለ ወንበሩ ደግሞ ስሚኝ። እስከ ዛሬ አንቺ ባልሽው ቦታ ተቀምጫለሁ። የሚጣ ልደት ሲከበር ጓዳ ሆኜ ሳህን አጥቤያለሁ። ስትመረቅ ፎቶ አንሺው ቤተሰብ ጠጋ በሉ ሲል፣ አንቺ በዓይንሽ ስለከለከልሽኝ የሁላችሁንም ቦርሳ ታቅፌ ዳር ቆሜያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። እንደ ዓይንሽ ብሌን ነው ያሳደግሻት፤ ውለታሽን አልክድም፣ ብክድ ይቁጠርብኝ። ግን ውለታም ልክ አለው። በሠርጓ ቀን የማንንም ቦርሳ አልይዝም። አልጋ ልብሴን ይዤ በፊት ለፊቱ በር ገብቼ የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ እላለሁ። ያልወደደ ጥንቅር ይበል! አማቾቹ ይቺ ማን ናት ብለው ከጠየቁም እኔው እመልስላቸዋለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስ ግን አንቺ ስትጨነቂ ሰንብቺ።

ሌላም ሳልነግርሽ የማልዘጋው ነገር አለ። ትናንት ሚጣ ሱቅ መጥታ ነበር። አትደንግጪ፣ እኔ አልጠራኋትም። የሠርግ ቀሚሷ ረዝሞባት ጫፉን እንዳጥፍላት ነው የመጣችው። እሷ በርጩማ ላይ ቆማ፣ እኔ እስፒል በከንፈሬ ይዤ ዙሪያዋን ስዞር፣ አልጋ ልብሱን አየችው። ቀሚሷን ሰብስባ ዘላ ወረደች። እስፒሉ የወጋት መሰለኝ፤ ደንታም አልሰጣት። አልጋዬ ላይ የሚነጠፈው ይሄ ነው፣ አለቀ አለች። እቤት ድሪቶ ነው ተብሏል አልኳት። እሷ ሆዬ ከት ብላ ስቃ፣ ታዲያ ድሪቶ ለብሼ ብተኛ ከባሌ በቀር ማን ሊያየኝ ነው አትለኝም! ወይ የዛሬ ልጆች! አንጀቴን አራሰችው።

ከዚያ ጥብጣቦቹን በጣቷ እየተከተለች፣ ይሄ የማን ነው፣ ይሄስ እያለች ጠየቀችኝ። የሁሉንም ነገርኳት፤ በሐኪሟም በትራፊኩም ሳቅን። መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ያለችውን ጨርቅ አንቺ ታውቂያታለሽ። ቢጫ ዳክዬዎች ያሉባት፣ ከመታጠብ ብዛት የሳሳች ለስላሳ ጨርቅ ናት። ያኔ በክረምቱ ሕፃን ጠቅልዬባት አንቺ ዘንድ መጥቼ፣ በነጋታው አጥበሽ፣ አጣጥፈሽ፣ ጨርቋን ብቻ የመለስሽልኝ ናት። እስከ ዘንድሮ መቀስ አስነክቻት አላውቅም ነበር።

ሚጣ ጉንጯን ጨርቋ ላይ አሳረፈች። ቀና ስትል ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ይሄስ የማን ነው አለችኝ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ፣ እትዬ፤ አንቺው እንዳስማልሽኝ፣ እናትሽን ጠይቂ አልኳት።

እየጠየቅኋት ነው አለችኝ።

ሠርጉን ፈጣሪ የሰመረ ያድርግላት። ለአንቺም ለእኔም ጤናና ዕድሜ ይስጠን። እሷንም ወልዳ ለመሳም፣ ስማም ለማሳደግ ያብቃት።

ታናሽ እህትሽ