የጠመመው መሶብ

መቐለ፣ ግንቦት ፲፱፻፴፭ ዓ.ም.

ልጄ የኔአለም፣ ኻርቱም ላይ የወላዲተ አምላክ ጥላ ይጋርድሽ። እኔ አለሁ። ዝናቡ ቀርቷል፣ ገበያውም ጭር ብሏል።

መሶብ መስፋት አልሆነልኝም። አንቺ ሳለሽ «እማዬ፣ ጠሟል፤ ፍቺው» ትይኝ ነበር። እየተናደድኩም ቢሆን ፈትቼ አቃናው ነበር። አሁን ጎረቤቴ ለተብርሃን እንዳይከፋኝ ብላ ያሳየኋትን ሁሉ «ጽቡቕ እዩ፣ ቆንጆ ነው» ትለኛለች። ጽቡቕ ስትለኝ እየቀጠልኩ፣ ጨርሼ ባየው ክዳኑ አልገጥም አለ። ዓይኔም ደክሟል፤ ከእንግዲህ ሌላ አልጀምርም።

ያንቺም ደብዳቤ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ይኸም ያው ጽቡቕ ነው፣ ልጄ።

እግዜር ዓይንሽን ያሳየኝ ብዬ መለመኑን ትቻለሁ፤ እሱ ብቻ ይጠብቅሽ። ኑሮሽ የት ላይ እንደጠመመ ጻፊልኝ። ፈትቼ ባላቃናውም ልወቀው።

እናትሽ ብርቄ