ክሊፑ ውስጥ ያለው ሰውዬ

ሰኔ 9 ቀን 2013

ዓሣው ዛሬም ትንሽ ነው። ጥቂት ቆሮሶ ብቻ። ሆዱን አውጥቼ፣ ቅርፊቱን ፍቄ ለሆቴሎቹ ሰጠሁ። እጄ እስካሁን ይሸታል።

ኑርዬ ግን ዓሣው ትዝም አላለው። «ክሊፑ ወጣ!» እያለ ገባ። እነዚያ የደሴ ልጆች... ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የተኛ፣ ጊታራቸው እንደ ነጎድጓድ የሚጮህ። ባንዳችን «አራት ሽቦ» ይባላል ያሉት። ባለፈው ወር መጥተው ጀልባውን ተከራዩ፣ ከበሮአቸውን ጫኑበት። ከዚያ ባለጀልባውን ኑርዬንም ፈለጉት። የወታደር ጃኬት አለበሱት። ከእንጨት ተጠርቦ ጥቁር የተቀባ ጠመንጃ አስያዙት። ጫፉ ላይ ቁም፣ ራቅ አድርገህ እይ አሉት። ዘፈኑ «በታንኳ ድረሽ» ነው። ፍቅረኛውን የሚጠብቅ ወታደር መሆኑ ነው የኔ ባል። በዚህ ሽበቱ!

ያን ቀን ከዳር ቆሜ ጃኬቱን ተወው አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንደ ልማዴ። «ፊልም እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!» አለኝ።

ዛሬ በስልኩ አሳየኝ። እውነት ለመናገር ያምራል። ውሃው፣ ጭጋጉ፣ እሱ። መጨረሻው ላይ ስሙን ጽፈውለታል። ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ በለቀምኳት ፊደል አነበብኩለት። «ኑርዬ፣ ከሐይቅ» ይላል። ደጋግሞ አስነበበኝ።

ጠመንጃው ግን እንጨት መሆኑ አይታወቅም።

ሰኔ 24

ባጃጆቹ ሌላ ዘፈን የላቸውም። ሽማግሌዎቹ «አምባሰልን በኤሌክትሪክ ጠበሱት» እያሉ ያማርራሉ፤ እግራቸው ግን ይመታል። ኑርዬን መንገድ ላይ «ሻምበል!» ይሉታል። እሱም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይመልሳል።

አሰገደች በአጥሩ ብቅ ብላ፦ «ዑምኩል፣ የሻምበል ሚስት ሆንሽ ብለሽ እኛን ጎረቤቶችሽን እንዳትረሺ!»

ሂዳያ ከጅዳ ደወለች። «እማዬ፣ አባትሽ ወታደር ነው ወይ ይሉኛል።»

«ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኳቸዋ!»

ሳቋ ቤቱን ሞላው። ልጄ ስትስቅ ደስ ይለኛል። 

ነሐሴ 12

ከሰሜን ጦርነቱን የሚሸሸው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ላረፈች አንዲት ሴት ውሃ ይዤላት ሄድኩ። «ታጣቂዎቹ ስልክ ይፈትሻሉ» አለችኝ። «ፎቶ ያያሉ። የወታደር ልብስ የለበሰ ካገኙ...»

የባንዱ ልጆች ክሊፑን ያውርዱት በላቸው አልኩት ኑርዬን። ደወለ። «ጋሼ ኑርዬ፣ እኛ ብናወርደውም በየሰዉ ስልክ ላይ ነው። ከእጃችን ወጥቷል» አሉት። ደስ ያለው መሰለኝ።

የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳሁ። እኔ! ለቅሶና ሠርግ ካልሆነ ሰው ቤት የማልገባው። ከስልካችሁ አጥፉልኝ እያልኩ። አይዞሽ፣ አብሽሪ እያሉ አጠፉልኝ። ግን ስንቱን ቤት አዳርሳለሁ?

ጥቅምት 2 ቀን 2014

ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል። ሳህኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። ኑርዬን ዛሬ አንዱ ሻምበል አለው። እጁን አላነሳም።

ጥቅምት 19

ሄደ። እስጢፋኖስ ገዳም። የአሰገደች ወንድም መምህር ውበቱ እዚያ ያስተምራል፣ እሱ ይደብቀዋል።

«እኔን እስላሙን?» አለ ኑርዬ።

«ቆብ አይደፉብህ! ያቀረቡልህን ብላ፣ ዝም በል» አለችው አሰገደች።

ግቢው ሴት አያስገባም። ብፈልገውም አላገኘውም ማለት ነው። ሲወጣ ዞሮ ሲያየኝ አላየሁም። አየኝ ይሆን?

ጥቅምት 21

ታጣቂዎቹ ገቡ።

ጥቅምት 23

ሁለት ታጣቂዎች መጡ። ልጆች ናቸው፣ የሂዳያ እኩዮች። አንደኛው ስልኩን አወጣ። ያ ጊታር ቤቴ ውስጥ ጮኸ።

«ሻምበሉ የት ነው?»

ሻምበል አይደለም፣ ዓሣ አጥማጅ ነው አልኩ። ጠመንጃው እንጨት ነው አልኩ።

«እንጨት!» ተያይተው ሳቁ። ነገ እንመለሳለን፣ እሱ ካልቀረበ የሰፈሩን ወንድ በሙሉ እንወስዳለን ብለው ሄዱ።

አሰገደች የቅሬያችንን፣ የዕድራችንን ዳኛ አባ ሰዑድን ይዛ መጣች። ምን ይሻላል? ተባባልን። ከዚያ አሰገደች፦ «እንቅበረው» አለች። «የሞተ ሰው አይፈለግም። ቅሬው እንደሆነ መቅበር ያውቅበታል።»

አባ ሰዑድ ተናገሩ። «ጉድጓዱ ይቆፈራል። አፈሩም ይከመራል። ሶላቱን ግን አላሰግድም። አላህ ፊት ቆሜ አልዋሽም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ማልቀሱ ያንቺ ነው።»

አልችልም አልኳቸው። ዋሽቼ አላውቅም።

«ለዚህ እኮ ነው» አለች አሰገደች። «እኔ ባለቅስ ውሻም አያምነኝ። አንቺ ካለቀስሽ ማን ይጠራጠራል?»

ጥቅምት 24

አለቀስኩ።

ሌሊቱን ተቀበረ ተብሎ ቅሬው ድንኳን ጣለ። ከአባ ሰዑድ፣ ከአሰገደችና ከቆፋሪዎቹ በቀር ምስጢሩን የሚያውቅ የለም። ሰዉ ከልቡ አለቀሰ። ጎረቤታችን ፈዲላ ደረቷን እስኪያብጥ መታች። እኔ መጀመሪያ እንባ እምቢ አለኝ። ኋላ ሲመጣ ግን... በቁሙ ያላልኩትን ሁሉ አልኩት። እርጥብ ልብስህን ማን ይቀበልህ አልኩ። ስትቆይብኝ መንገዱን ሳይ ቆይቼ፣ ስትመጣ ዝም የምልህ፣ ንግግር ሳላውቅበት ነው አልኩ። ለካ እንዲህ ነው የምወደው? ያ ረቢ፣ ሟርት አድርገህ አትቁጠርብኝ።

መጡ። ስልክ የያዘው ልጅ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። «መቼ ሞተ?» አለ። አባ ሰዑድ መሬት መሬት ያያሉ። ሰዉ እኔን ያያል።

«ትናንት» አልኩ። «ውሃ ላይ። ተኩስ አገኘው።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

መቃብሩን ሄደው አይተው ተመለሱ። ልጁ መሣሪያውን ወደ ኋላው አድርጎ «እግዜር ያጥናሽ፣ እናቴ» አለኝ።

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 29

ዛሬ ነው የሰማሁት። ፈዲላ ልጆቿን ይዛ በአፋር በኩል ወጥታለች። አዲስ አበባ ትገባለች አሉ።

የፈዲላ እህትና ሂዳያ አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት። ጅዳ።

ፈዲላ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው? ምንስ ብላ? እዚህ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። መልእክት የሚያደርስ ልፈልግ ብወጣ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ፤ ዒዳ ላይ ነኝ፣ ሐዘኔ እስኪያልቅ ከቤት አልወጣም። ከደጅ ብታይ ሰው ይጠረጥራል። የገዛ ውሸቴ ቆልፎብኛል።

ለሱ ሳለቅስ ልጄ ትዝ አላለችኝም። አንዴም።

ኅዳር 11

ከገዳሙ ወሬ የለም። ጥቁር ልብሴን ሳጥብ እውነት የሞተ ይመስለኛል። አሰገደችን ጠየቅኳት። «ወንድሜ ዝም ካለ ደህና ናቸው» አለች። እሷም ዓይኔን አታይም።

ኅዳር 29

ታጣቂዎቹ ሄዱ። ኑርዬ መጣ!

ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። መንገድ ላይ ሴቶቹ እሪ አሉ፣ አንዷማ እንስራዋን ጥላ ሮጠች። አሰገደች ከኋላው «አትሽሹ! ሞት ራሱ አልበላህም ብሎ መልሶት ነው!» ትላለች።

ቁጭ እንዳለ፦ «ማን ማን አለቀሰልኝ?»

ነገርኩት።

«አንቺስ?»

«አለቀስኩ።»

«ምን ብለሽ?»

ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 17

ኔትወርክ ተመለሰ። ለሂዳያ ደወልኩ። ኑርዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። «ሂዱዬ፣ እኔ ነኝ» አላት። ጩኸት ብቻ ሰማን። ተቋረጠ። ስንደውል አታነሳም፣ ስንደውል አታነሳም... ኋላ የፈዲላ እህት አነሳች።

ሁሉንም ነገረችን። ለቅሶ ተቀምጠው ነበር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ። ሂዳያ ምግብ አልበላም ብላ ሐኪም ቤት ገብታ ወጥታለች። ክሊፑን «አባቴን ገደሉት» ብላ ለቃዋለች። ባንዱም ሰምቶ፣ መግቢያው ላይ ጥቁር አድርጎ «ለኑርዬ መታሰቢያ» ጽፎበታል። ከበፊቱ የበለጠ ታየ። አገር ምድሩ ነው ያየው።

ከሥሩ ሰው የጻፈውን ለኑርዬ አነበብኩለት። ነፍስ ይማር። ጀነት ይወፍቀው። ጀግናችን። መጀመሪያ ሳቀ። አነበብኩ፣ አነበብኩ፣ አያልቅም። «በቃሽ» አለ።

ታኅሣሥ 20

ሂዳያ ደወለች። ከአባቷ ጋር አለቀሰች፣ ሳቀች። ከዚያ እኔን አለች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያለቀስሽው?»

«አዎ።»

«በአፍሽ ሞተ አልሽ?»

«ሊወስዱት ነበር ልጄ። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ...»

«ገብቶኛል» አለች።

ድምፅዋ ግን ሌላ ነው። አንቺ አለችኝ፣ እማዬ አለችኝ፣ ሁሉም አለ። አንድ ነገር የለም።

ጥር 15

ኑርዬ ወደ ሥራው ተመልሷል። የባንዱ ልጆችም መታሰቢያ የሚለውን አንስተዋል። ሰው ሲያየው እየሳቀ ይጨብጠዋል፤ እሱም ይስቃል። ካሜራ የያዘ ካየ ግን መንገድ ይቀይራል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሂዳያ ደወለች።

«አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ልጄ። ውሃ ላይ ነው።»

 ምን እንዳልኩ ገባኝ፤ ያኔም ውሃ ላይ ሞተ ነበር ያልኩት።

«አቅርቢልኝ።»

«አሁን አይመችም፣ ሲመጣ...»

«እማዬ። ድምፁን ልስማው።»

ምን አደርጋለሁ? እንደ ቆምኩ ወጣሁ። ሻሼ ተፈቶ፣ ስልኩን ይዤ ወደ ዳር ሮጥኩ። ጀልባው ሩቅ ነው፣ ጥፍር የምታህል። ኑርዬ! ብዬ ጮህኩ። በዕድሜዬ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ቀና አሉ። ደግሜ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪነድ።

አንድ ቀን ይሞታል። ሰው ነው፣ እውነት የሚሞትበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ለልጄ ማን ይነግራታል? እኔን ማን ያምነኛል?

ጀልባው ዞረ።

«እየመጣ ነው» አልኳት። ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማል። ስልኩን ወደ ውሃው ዘርግቼ፣ እግሬ ጭቃው ውስጥ፣ እስኪደርስ ቆምኩ።