የእርሳስ ትቢያ

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ውርጭ ነበር። የልጅ ልጄን የቲሊን ልብስ አጥቤ፣ ፀሐይ በረንዳው ላይ እስክትደርስ ጠብቄ አሰጣሁ። አብራን የምትኖረው ልጄ ትሬና፣ የምትሠራበት መጦሪያ ቤት ተረኛ ስለሆነች ቲሊን ትታልኝ ሄደች። አሥር ወሯ ነው። መዳህ ብቻ አይደለም፣ ትሮጣለች... በእጅም በጉልበትም።

ባሌ አቶል ቁርሱን በላ።  ስትሮክ ከመታው አምስት ወሩ። ቀኝ እጁ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ኮት ሆኗል። ሐኪሞቹ አንደበቱ ተፈቷል ይላሉ። ተፈቷል፤ የሚናገረው ግን የለውም።

ከሰዓት በኋላ ባዝ መጣ። የጥንት ጠመንጃ ተኩስ ክበብ ጓደኛው ነው። ሻዩን እየጠጣ ስለ ሴፕቴምበሩ ውድድር ለፈለፈ።

"ተቀምጠህ በግራ እጅህ ትተኩሳለህ። ደንቡ ይፈቅዳል።"

አቶል መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ፦ "አረር የለኝም።"

"የኔን እሰጥሃለኋ!"

"ያንተ... ከዱባ ፍሬ አይሻልም።"

ባዝ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በአምስት ወር የመጀመሪያው ቀልድ።

በክበባቸው ማንም የሌላ ሰው አረር አይተኩስም። የእርሳስ ብረቱ እቤቱ ቀልጦ እቤቱ የፈሰሰ መሆን አለበት። ስወጣ አፌ ቀደመኝ፦ "እኔ ባፈስልህስ?"

ምን ነካኝ?

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። የማውቀው ሁሉ ከብጫቂ ወረቀት የተለቀመ ነው። አሁንም ያው። የአቶል አሮጌ ደብተር፣ ከመጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ፣ ባዝ ከክበቡ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ያመጣልኝ አንድ የመመሪያ ወረቀት። እሱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

ሦስቴ አነበብኩት። የፈራሁት ጋራዡ ውስጥ ሲቀልጥ የሚወጣውን ጭስ ነው። እርሳስ መርዝ መሆኑን ማን አጣው... ቲሊ ጋራዡ በር እንኳ አትደርስም። ይሄን ለራሴ ማልኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 11

የአቶልን ማቅለጫ ጋራዡ ውስጥ ተከልኩ። እንደ ትንሽ ድስት ያለ ነገር ነው፤ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ እጀታውን ስታነሺ እርሳሱ ወደ አረሩ ቅርጽ ማውጫ ይወርዳል። የእንጨቱን ጠረጴዛ አልፈለግሁም። የብረቱን ጎትቼ መስኮት ሥር አስጠጋሁ። በውኃ ልክ ለካሁት፤ ሚዛኑን ከሳተ ይደፋል። ሥሩ የብረት ትሪ። ለብቻው ሶኬት፤ በማራዘሚያ ገመድ አይሆንም። ባዝ አየር ማውጫውን መስኮቱ ላይ ገጠመልኝ። የወረቀት ጭስ አስጠግቼ ሞከርኩት፤ ሽው ብሎ ወደ ውጭ።

አቶል ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዛል። "ባልዲውን... አውጪ።"

"የጽዳት ውኃ ነው።"

"አውጪ! አንድ ጠብታ... ድስቱ ውስጥ ከገባች... ጣሪያው ላይ ታገኚኛለሽ።"

አወጣሁ። ውኃ እዚህ ቤት ውስጥ ጠላት ነው። ደህና።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

የመጀመሪያው ቀን። የቆዳ ጓንት፣ የፊት መከለያ፣ ረጅም እጅጌ፣ ቦት ጫማ፣ የቆየ ሽርጤ። ሙቀት መለኪያው ሦስት መቶ ሰባ እስኪል ቆየሁ። ቆሻሻው እንዲለይ ቅንጣት ሰም ጣል አደረግሁ፣ አማሰልኩ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ቆሻሻ በማንኪያ ገፍፌ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ። የሚጨመረው እርሳስ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ሳይደርቅ አይገባም።

ሃያ አፈሰስኩ። ሃያውም የተጨማደዱ።

አቶል አንዱን በግራ እጁ አገላበጠው። "ይሄ አረር ነው... ወይስ የእናትሽ ጉንጭ?"

"እናቴን ተዋት።"

"ቅርጹ ቀዝቅዟል። ሙቀት ስጪው። እንደ ባል ነው።"

ሃያውን መልሼ አቀለጥኳቸው። ሁለተኛው ዙር እንደ መስታወት አበራ። አንዱን ኪሱ ከተተ። አየሁት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ማፍሰሱን ጨርሼ ጋራዡን አየሁት... አርባ ዓመት ሙሉ መጥረጊያ ያልነካው ወለል። ከጠረጴዛው ሥር ግራጫ ዱቄት፣ ፍንጣሪ፣ የሸረሪት ድር። አቶል ቆሻሻ ወዳድ ነው፤ በጤናው ጊዜ አያስደርሰኝም ነበር። አሁን የሥራው ባለቤት እኔ። ባዝ እየመጣ እንዲህ ይየው? አፈርኩ።

ከጥግ እስከ ጥግ ጠረግሁ። መደርደሪያውን በላባ አራገፍኩ። ሽርጤን በረንዳው ላይ ወጥቼ ሦስቴ ደበደብኩት። ደስ አለኝ። ቤቴ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

አፈሰስኩ። ጠረግሁ። ባዝ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ፦ "ጫማ ላውልቅ? ይሄ ጋራዥ ከኔ ወጥ ቤት ይጸዳል እኮ! አቶል፣ ሚስትህ አረሩንም ካልሲ ታለብሰዋለች።"

አቶል ሙሉ ቀን አወራ። ስለ አባቱ ጠመንጃ፣ በነፋስ ጊዜ ስለ መተኮስ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ማታ ራት ላይ ለትሬና "እናትሽ ከባዝ ትበልጣለች" አላት። ትሬና ዐይኗ እንባ ሞላ።

ቲሊ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ዋለች። ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ትሬና ቲሊን ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት። መብላት ቀንሳለች፣ ገርጥታለች፣ ትነጫነጫለች። ጥርስ ነው ብዬ ነበር።

ነርሷ ብዙ ጠየቀች አለች ትሬና። ቤቱ አሮጌ ቀለም አለው? ለዓሣ መንጠቆ ማስመጫ ክብደት የሚሠራ አለ? ጥይት የሚያፈስ? "እናቴ ታፈሳለች አልኳት" ብላ ሳቀች። "አላመነችኝም። ፎቶሽን አሳየኋት፣ ከነመከለያሽ።"

ደም ወሰዱ። ትንሽ ነገር... ትንሽ ብልቃጥ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

አሥራ ሰባት።

በደም ውስጥ ያለ እርሳስ ከአምስት መብለጥ የለበትም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ሐኪሙን "መድኃኒቱ ምንድን ነው?" አልኩት። በዚህ መጠን መድኃኒት አይሰጥም አለ። ምንጩ ይራቅ፣ ብረት ያለበት ምግብ፣ ወተት፣ ከዚያ መጠበቅ። "ስንት ጊዜ?" ወራት አለ። "ጉዳት ያደርስባታል?" ትከሻውን አልነቀነቀም፣ አልዋሸኝምም። "አሁን ማወቅ አይቻልም" አለ።

ጭሱ ነው። መስኮቱ አንሶ ነው። አየር ማውጫው ደክሞ ነው... ግን ሞክሬው ነበር። በየሳምንቱ ሞክሬዋለሁ።

አርብ፣ ጁላይ 19

ከጤና ቢሮ ሴትዮ መጣች። ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ። እርጥብ ጨርቅ እያወጣች ወለሉን፣ ደጃፉን፣ ጫማዬን ታብሳለች፣ በትንሽ ከረጢት ታሽጋለች። አንድ መሣሪያም ነበራት፤ ስታስጠጋው የእርሳሱን መጠን በቁጥር ያወጣል።

ማቅለጫውን ዞራ አየችው። "ይሄን ማን ተከለው?"

"እኔ።"

"በደንብ ነው የተከሉት። ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም።"

ትንሽ ተጽናናሁ። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣች። መሣሪያውን ደረጃው ላይ አደረገች። ቁጥሩን ጻፈች። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች፤ ጻፈች። ሳሎን፣ ምንጣፉ ላይ። ቲሊ የምትዳህበት።

"እሜቴ፣ ጋራዡን በምንድን ነው የሚያጸዱት?"

መጥረጊያውን አሳየኋት።

"ሳያረጥቡ?"

"ውኃ አይገባም እኮ... ይፈነዳል።"

"ማቅለጫው ሲሞቅ አዎ። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በእርጥብ ነው።" ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፤ ለታማሚ እንደሚነገር። በዚያ ሙቀት እርሳስ ብዙም አይጨስም። ያ ግራጫ ዱቄት ነው እርሳሱ። መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። እኔ አስነሣሁት። በሽርጤ፣ በጫማዬ፣ በፀጉሬ ይዤ ገባሁ። ልብሴን ከቲሊ ልብስ ጋር አጠብኩት። ሽርጤን ያራገፍኩት እሷ ፀሐይ የምትሞቅበት ቦታ ላይ።

"የት ተጽፏል?" አልኳት። ተናደድኩ መሰለኝ። "ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ!" ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኋት።

ከቦርሳዋ ያንኑ አወጣች። ያው ርእስ፣ ያው ሥዕል። ገለበጠችው።

ጀርባ ነበረው። በደረቅ አይጠረግ። የሥራ ልብስና ጫማ ወደ ቤት አይግባ፣ ለብቻው ይታጠብ። ሕፃናት ባሉበት...

ባዝ ፎቶ ኮፒ ያደረገው ፊቱን ብቻ ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 21

ትሬና ሻንጣዋን አሰረች። ዱቦ ከተማ ጓደኛዋ ቤት ትከራያለች።

"እማ፣ አልተቆጣሁሽም።"

"ተቆጪ።"

"አልችልም። አንቺን ተቆጥቼ የት እደርሳለሁ?" ቲሊን መኪናው ውስጥ ወንበሯ ላይ አሰረቻት። የቲሊን አሻንጉሊቶች፣ ብርድ ልብሷን ላመጣ ሄድኩ። "ተይው። አዲስ እገዛለሁ። እማ... እባክሽ አትንኪያት። ዛሬ ብቻ።"

በመስታወቱ በኩል እጄን አነሣሁ። ቲሊ ሳቀችልኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

የኛም የደም ውጤት መጣ። እኔ ሃያ ስድስት። አቶል ሠላሳ አንድ። ምንም አልመሰለኝም። ሌላ ሰው ላይ የተገኘ ቁጥር ይመስላል።

ለአቶል ሁሉንም ነገርኩት። የመጥረጉን ነገር ደብቄው ነበር። ቡናውን አስቀመጠ።  "ትሬና እዚህ አደገች..." አለ። ከዚያ፦ "እኔ አልጠርግም ነበር።"

ሊነቅፈኝ አይደለም። ግራ ገብቶት ነው። አውቃለሁ። ግን ያቺ ቃል ሄደች ሄደችና እዚህ ደረቴ ላይ ተቀመጠች። አርባ ዓመት የቆሸሸ ሰው ልጁን አሳደገ። እኔ ሁለት ወር አጸዳሁ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ባዝ ማቅለጫውን ሊወስድ መጣ። ከደጅ አልገባም። ቆቡን በሁለት እጁ ያሽከረክራል።

"ጀርባ እንዳለው አላየሁም ኖሊን። በፈጣሪ አላየሁም።"

"አውቃለሁ።"

"እኔም ቤት የልጅ ልጆች አሉ..."

"እንግዲያው አስመርምራቸው።"  አቶል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ውድድሩን ማንም አላነሣም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሄደ። ወለሉን በእርጥብ፣ ውኃውን በመቀየር፣ እንደገና። ግድግዳውን። ደረጃውን። በየቀኑ። መጽዳቱን በዐይን ማወቅ አይቻልም፤ ያ ነው የሚገድለኝ። ድሮ ንጹሕ ነገር ሲታየኝ አውቅ ነበር።

አቶል እንደ ድሮው ዝም። "ሻይ?" ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን አይለይም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

አሥራ አራት።

ሦስት ብቻ ወረደ። ትሬና በስልክ "ጥሩ ነው ይላሉ" አለች። ድምፅዋ ግን ጥሩ አይደለም። ከበስተኋላ ቲሊ ትጮሃለች። ደስታ ነው ልቅሶ? መለየት አቃተኝ። በፊት እለይ ነበር።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 4

ቲሊ በእግሯ ሄደች አሉኝ። አራት እርምጃ። አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ውድድሩ ዛሬ ነበር። አቶል እንደ ወትሮው ተነሣ፣ ራሱን ችሎ በግራ እጁ ተላጨ፣ ሸሚዝ ለበሰ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከነፋሱ ጋር የተኩሱ ድምፅ ይመጣል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዴ ብቻ "ይሄ ባዝ ነው፤ ወደ ቀኝ ሳተ" አለ። ያም ለኔ አይደለም፣ ለራሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

አሥር። ትሬና ደወለች፦ "እሑድ ነይ እማ። ግን ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ።"

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 29

አቶልን ባዝ ጠበቀልኝ። በሰው መኪና ሄድኩ፤ የኛን አላመንኩትም። ትናንት አዲስ ቀሚስና ጫማ ገዝቼ፣ ከነከረጢቱ ሳልከፍት አቆይቼ፣ ዱቦ መግቢያ ነዳጅ ማደያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ለወጥኩ። ፀጉሬን በቧንቧው ታጠብኩ። አንዲት ወጣት አየችኝና ቤት የሌለኝ መሰላት መሰለኝ፣ የራሷን ፎጣ ሰጠችኝ። አልተቀበልኩም። አመሰገንኩ።

ትሬና በሩን ከፈተች። ከስታለች። ለመሳም ጠጋ ብላ... ቆመች። ከዚያ ሳመችኝ።

ቲሊ ጠረጴዛ ተደግፋ ቆማለች። አየችኝና ወደ እናቷ ዞረች። ረሳችኝ። ሁለት ወር ለሷ ስንት ነው?

"ጊዜ ስጪያት" አለች ትሬና።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ። አልጠራኋትም። ሻዬ ቀዘቀዘ። ትሬና ስለ ሥራ ታወራለች፣ እኔ አልሰማም። ቲሊ አንድ እርምጃ። ቆመች። ሌላ። ወደቀች፣ ተነሣች። መጥታ ጉልበቴን ያዘች። ፊቴን ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቴን አነሣችና አፏ ውስጥ ከተተችው።

ድዷ ለስላሳ ነው። ከታች አራት ጥርስ።

ሳብኩት። ሳላስብ፣ እንደ ተቃጠለ ሰው።

አለቀሰች። ትሬና "ተያት እማ፣ ታጥበሻል እኮ፣ ተያት" አለችኝ። ቲሊ እያለቀሰች እጄን ትፈልጋለች።

እጄን ከኋላዬ ደብቄ ተቀመጥኩ።