ጠጥተው ለጨረሱት ጠላ «ናሙናው አነሰን» ብለው ለፈረዱ ዳኞች

መጋቢት 22 ቀን 2007 ዓ.ም.
ደባርቅ

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ሚካኤል
የባህል መጠጦች ባዛር የቅምሻና ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ራስ ምታት በሌለበት ማለዳ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እርስዎና የኮሚቴዎ አባላት በዚህ ወር ለሕዝብ ጥቅም ሲሉ ጨጓራችሁን ለከባድ ሥራ ማሰማራታችሁን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከራስዎ ጀምሮ እስከ ጉበትዎ ድረስ ያለው ሁሉ እንዴት ሰነበተ ብዬ ብጠይቅ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

የምጽፍልዎ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸጊቱ በባዛሩ ላይ ስላቀረበችው ጥቁር ጠላ ነው። እርስዎ ጉዳዩን ያውቁታል፤ ጠጥተውታልም። ለማያውቀው አንባቢ ግን በአጭሩ ላስረዳ። ሸጊቱ ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ማረፊያው ሲዘጋ ባለቤቱ በመጠጥ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ ተቀምጣ የነበረችውን፣ በባሕር ማዶ ውስኪ ሲከርምባት የኖረችውን ሃያ አምስት ሊትር የምትይዝ የእንጨት በርሜል ለመታሰቢያ ሰጣት። ሌላ ሰው ቢሆን አበባ ይተክልባት ነበር። ሸጊቱ ከፍታ አሸተተቻትና «ይኸን የመሰለ ሽታ ባዶ ቤት ውስጥ አላስቀምጥም» አለች። ገብሷን እስኪጠቁር ቆላች፤ ብቅሉንና ጌሾውን ደፍድፋ፣ ውሃውን ቆጥባ፣ ወፍራም ጠላ ጠመቀች። ጋን ቢሆን በወይራ ታጥነው ነበር፤ በርሜሏን ግን የውስኪው ሽታ እንዳይሸፈን ሳታጥን ሞላቻት። አፏን በሰም ደፍናም ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ማብቂያ በደባርቅ ብርድ አከረመቻት።

የውድድሩ ሽልማት፣ እርስዎ ራስዎ በባዛሩ መክፈቻ ላይ እንዳበሰሩን፣ ተራራ ወጪ ቱሪስቶች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ያለችውን የመሸጫ ክፍል ለሁለት ዓመት መጠቀም ነው። ሸጊቱ ዛሬ የምትነግድበትን ቤት አከራይዋ ልጁን ከፋሲካ በኋላ ሊድርበት ስለሆነ ልቀቂ ተብላለች። ክፍሏን ካገኘች ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ካላገኘች ጓዟን ጠቅልላ ጃናሞራ ወንድሟ ዘንድ ትገባለች። ለአምስት ወር በሰም ታሽጎ የተቀመጠው እንግዲህ ጠላ ብቻ አልነበረም።

መጋቢት 17 ቀን በኮሚቴው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ተወዳዳሪ ቁጥር አንድ፣ የቀረበው ናሙና ለምዘና በቂ ሆኖ ባለመገኘቱ ከውድድሩ ተሰርዛለች።» እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ማቅረብ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

አንደኛ፣ ሰዓት በማክበራችሁ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ቅምሻ ዓርብ መጋቢት 4 ቀን፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። ከአባላቱ አንዱ የሆኑት መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም እንደማይቀመስ አሳሰቡ፤ አምስታችሁም በአንድ ድምፅ ተስማማችሁ። እስከዚህ ድረስ ምንም ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እህል ሳይቀመስ፣ በባዶ ሆድ፣ በቀጥታ ከተወዳዳሪ ቁጥር አንድ በርሜል መጀመራችሁ የጾሙን ሕግ የጠበቀ ቢሆንም የምዘናውን ሕግ ምን እንዳደረገው ውጤቱ ይመሰክራል። እኔ በታዛቢነት ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መሪጌታ የመጀመሪያውን ጣሳ ጨርሰው «ይቺማ ዳዊት ታስደግማለች» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጸሐፊው አቶ ቻላቸው ወደ ሸጊቱ ዞሮ «እቴ፣ ይቺ ጠላ ናት ወይስ ፈረንጅ?» ሲል ሸጊቱ «አንተ ጠጣ እንጂ ዘሯን ምን አስቆጠረህ!» አለችው። እርስዎም «ዳኛ በአንድ ጣሳ አይፈርድም፤ ድገሚን» በማለት ለፍትሕ ያለዎትን ጥንቃቄ አሳዩ። ማምሻውን የተሰበሰቡት አምስት የምዘና ቅጾች ግን አንዱ ባዶ፣ ሁለቱ በጠላ የራሱ፣ አንዱ የበሬ ቀንድ የተሳለበት ነበሩ። በአምስተኛው ላይ የእርስዎ ፊርማ «የተወዳዳሪ ስም» በሚለው ቦታ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

ሁለተኛ፣ ለንጽሕና ላሳያችሁት ጥብቅና አመሰግናለሁ። ሸጊቱ ለዳኞቹ ከመቅዳቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ አንጠብጥባ ራሷ ቀመሰች። በአገራችን ቀጂ አስቀድሞ የሚቀምሰው ጠጪው ያለ ስጋት እንዲጠጣ ነው፤ ሳይቀምስ የሚቀዳ ሰው እንደ ጨዋ አይታይም። አቶ ቻላቸው ግን በዚያ ቀን ከተጻፉት ጥቂት የሚነበቡ ነገሮች መካከል «ተወዳዳሪዋ ናሙናውን በእጇ ስለነካች አምስት ነጥብ ይቀነስ» የሚል ማስታወሻ አስፍሯል። ይህን ከጻፈ በኋላ የተነካውን ናሙና አራት ጣሳ መጠጣቱ፣ ለመርሕ ሲባል ጤናን መሠዋት ምን እንደሆነ ለወጣቱ ትውልድ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ በእግራችሁ ቤቷ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቅጾቹ የማይነበቡ ሆነው በመገኘታቸው የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ነጥብ በማግስቱ ከትዝታ ተሞላ፤ የሸጊቱ ግን «ለጥንቃቄ» እንደገና ይቀመስ ተባለ። አዳራሹ በስብሰባ ተይዟል ስለተባለም ሰኞ መጋቢት 7 ቀን ከሾፌራችሁና ከጥበቃው ጋር ቤቷ መጣችሁ። ሐሙስ መጋቢት 10 ቀን፣ የመስቀል ዕለት፣ ደግሞ ሁለት የሾፌሩ ዘመዶች ተጨምረው መጣችሁ።

ክቡር ሆይ፣ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ዳኛ በአዳራሽ ሲቀመጥ ዳኛ ነው፤ በሰው ደጃፍ ገብቶ መደብ ላይ ሲቀመጥ ግን እንግዳ ነው። ሸጊቱ ደግሞ ያደገችው ከአምቢኮ በታች ባለ መንደር ነው። እዚያ በእንግዳ ፊት ጣሳ ጎድሎ ሲቆም ውርደቱ የባለቤቲቱ ነው። እናንተ አንድ ጊዜም ቅጂልን አላላችሁም፤ ይህን በእውነት እመሰክራለሁ። ጣሳችሁን ባዶ አድርጋችሁ መሬት ላይ ማስቀመጥና ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር። እርሷም ትቀዳለች። እናንተ «በቃን» ትላላችሁ፤ እርሷ «በሞቴ» ትላለች፤ እናንተም የሰው ሞት የማትወዱ ሰዎች በመሆናችሁ ትጠጣላችሁ። ሐሙስ ማምሻውን በርሜሏ ስትዘነበል ከውስጧ አየር ብቻ ወጣ። ጎረቤት ነኝና በኋላ «ለምን ዝም አልሽ? ይህ እኮ የውድድር ናሙና ነው አትዪም ነበር?» ብዬ ብቆጣት «ታዲያ ቤቴ የመጣን ሰው ለውድድር ነው የመጣኸው ልበለው?» አለችኝ። እናንተ በርግጥ መልስ ነበራችሁ፤ በእንግድነት ጠጥታችሁ ስትጨርሱ፣ በሳምንቱ ዳኝነታችሁን መልሳችሁ ለብሳችሁ «ናሙናው አነሰ» ብላችሁ ፈረዳችሁ።

አራተኛ፣ ለመመዘኛችሁ ጥራት አመሰግናለሁ። ቅጹ «ቀለሙ ጥርት ያለ ወርቃማ፣ አረፋው ከሦስት ደቂቃ በላይ የሚቆይ» ይላል። ይህ ለፋብሪካ ቢራ ተስማሚ መመዘኛ ስለሆነ፣ በተቆላ ገብስ የጠቆረን ጠላ ለምን አልነጣህም ብሎ መጠየቅ ለእኛ ለማናውቀው እንግዳ ቢሆንብን ጥፋቱ የእኛ ነው። በርሜሏም ቀድሞ ምን እንደያዘች የሚገልጽ የቀበሌ ማስረጃ ተጠይቆባት ነበር። ሸጊቱ ቀበሌ ሄዳ «ለዕቃ መታወቂያ አንሰጥም» ተብላ ተመልሳለች።

አምስተኛውን ምስጋና የማቀርበው አንደኛ ስለወጣው ስለ አቶ ያርጋል ጠርሙስ ነው። ያርጋል የዳባት ሰው ነው፤ የተከበረ ጠማቂም ነው። በባዛሩ መክፈቻ ዕለት ጠረጴዛው ባዶ እንዳይታይ አንድ ቆርኪው የተገጠመ፣ ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ አስቀምጦ ሄደ። በቅምሻው ዕለት እውነተኛውን ጠላ ይዞ ሊመጣ ሲነሳ የተሳፈረባት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽታ ቀረ። ጠርሙሱ አልተከፈተም። በማስታወቂያችሁ ላይ ግን «በአስተሻሸጉ፣ በንጽሕናውና ለእይታ በመማረኩ» ከመቶ ዘጠና አንድ አግኝቶ አንደኛ ሆኗል። ያርጋል ራሱ ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጥቶ እንደነገረኝ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የተቆላ ገብስ ጣል የተደረገበት የቧንቧ ውሃ ነው። ይህንኑ ለኮሚቴው ለማስረዳት ቢሄድ «ውጤት ከጸደቀ በኋላ በራስ ላይ ቅሬታ ማቅረብ አይቻልም» ተብሏል። «ኧረ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ተሰድዳ እኔ በውሃ ሱቅ ልክፈት?» ነበር ያለኝ። ኮሚቴው ከፈቀደለት ክፍሏን ዛሬውኑ እንደሚለቅላትም በፊርማው አረጋግጦልኛል፤ ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ።

ምዘናው በእናንተ በኩል ስለተጓደለ፣ በመጀመሪያው ቀን የደረሰኝን አንድ ጣሳ መሠረት አድርጌ የእኔን ላቅርብ፤ በልቼ ስለሄድኩ አስታውሰዋለሁ። መልኩ ጥቁር ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ጠርዙ ላይ ቀላ ይላል። ሽታው መጀመሪያ የተቆላ ገብስ ነው፤ ቆይቶ የእንጨትና ሊያር የቀረበ የስኳር ሽታ ከሥሩ ይነሳል። አፍ ውስጥ ከባድ ነው፤ እንደ ተራ ጠላ ቶሎ አያልፍም። የጌሾው ምሬት ዘግይቶ ይመጣል፤ ከዋጡት በኋላ የውስኪው ሙቀት ደረት ላይ ጥቂት ይቆያል። እንከን የለውም አልልም፤ መጨረሻው ላይ ቀጭን ኮምጣጣነት አለው፤ በርሜሏ በአራተኛው ወር ብትከፈት ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለሸጊቱ ነግሬያት «እውነትህን ነው» ብላለች። አንድ ጣሳ ለአንድ ፍርድ ይበቃል፤ ለእናንተ ሃያ አምስት ሊትር ለምን እንዳልበቃ መመርመር ከእኔ እውቀት በላይ ነው።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። የሌሎቹን ስድስት ተወዳዳሪዎች ነጥብ ከትዝታ እንደሞላችሁ ሁሉ የሸጊቱንም ከትዝታ ሙሉላት። የሦስት ቀን ትዝታ ከአንድ ቀን ትዝታ አያንስም። መጥፎ ከነበረ መጥፎ ነው በሉ፤ ጓዟን ትጠቅልል፣ ቅርም አይላትም። ነገር ግን ጠጥታችሁት «አላየነውም» አትበሉ። የክፍሏ ቁልፍ የሚሰጠው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ስለሆነ ጊዜው አጭር ነው።

በሦስት ቅምሻ ያልጠገበ የፍትሕ ጥማታችሁን እግዚአብሔር ያርካላችሁ እያልኩ፣ ለኮሚቴው ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት፣ ለሾፌሩ ዘመዶችም ልዩ ሰላምታዬን በማቅረብ ደብዳቤዬን እዘጋለሁ።

ሁልጊዜ ታዛቢዎ፣
ክንዴ አለነ
ከደባርቅ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ናሙና የለም የሚለው የኮሚቴው አቋም ሙሉ በሙሉ ትክክል እንዳልሆነ ዛሬ ጠዋት ተረድቻለሁ። አቶ ቻላቸው ባለፈው እሑድ ጀሪካን ይዞ መጥቶ ለፋሲካ ለሚያደልበው በሬ የበርሜሏን አተላ ሸጊቱን ለምኗት ኖሯል፤ እርሷም እንደ ልማዷ እምቢ ማለት አልሆነላትም። ጸሐፊው ራሱ በአጥር ላይ እንደነገረኝ በሬው ገንዳውን ልሶ ከጨረሰ ወዲህ የሌላ ቤት አተላ አልቀምስም ብሎ ወደ ሸጊቱ ቤት ዞሮ ያገሳል። ስለዚህ ከናሙናው የተረፈው በሙሉ በበሬው ሆድ ውስጥ ይገኛል፤ አስተያየቱንም ከአምስቱ አባላት በተሻለ ግልጽነት እየሰጠ ነው። የሚታረደው ለፋሲካ ዋዜማ ስለሆነ ኮሚቴው አራተኛ ቅምሻ ካስፈለገው፣ ብቸኛው ሐቀኛ ዳኛ በሕይወት ሳለ ቃሉን እንዲቀበልልን በትሕትና እጠይቃለሁ።