የጉዲቱ ሁለት ስህተቶች

ልጄ ኤባ፣ ጌታ በምትገባበት በምትወጣበት ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን፤ አጎትህ ጋሮምሳም ከሁሩታ ስንዴ ልኮልናል። አንተ ባለህበት አገር ብርዱ ከባድ ነው ይላሉ፤ ሳትደርብ አትውጣ።

ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ሽቦ እንደምመረምር ታውቃለህ። አሁን ምርመራውን የሚሠራ ካሜራ ተተከለ። አለቃችን «እትዬ፣ የተበላሸውን ከደህናው እንዲለይ እስካሁን ያገኙትን ብልሽት ያሳዩት» ሲለኝ የማሳየው አጣሁ። አጠገቤ የምትሠራው ጉዲቱ አዲስ ናት፤ እንዳያባርሯት ብዬ ያበላሸችውን ሁሉ ሳልነግራት አስተካክል ስለነበር የተመዘገበ ብልሽት የለም። አለቃው ስቆ «እንግዲህ እያበላሹ ያስተምሩታ!» አለኝ፤ እኔንም ካሜራውን እንዳስተምር እዚያው ሥራዬ ላይ አስቀረኝ። ካሜራው ግን ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማን እንዳበላሸ ይመዘግባል።

በምሳ ሰዓት ጉዲቱን አስቀምጬ ስህተቷን ስሸፍንላት እንደነበር ነገርኳት። ተቆጣችኝ ብል ታምናለህ? ያቺ አንገቷን የማታቀና ልጅ «ባይደብቁኝ ኖሮ እስካሁን እለምደው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳችንን ቶሎ እንበላና ሽቦውን ሶኬት ውስጥ ስትሰካ እያየሁ ስህተቷን እነግራታለሁ። ትናንት ከሃያው ሁለቱ ብቻ ተበላሹባት።

ይህን በስልኬ የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ሁለቱን ስህተት አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ አልኳት። ሰኞ እንዳትደነግጥ ጸልይላት፤ አንተም ድምፅህን አሰማኝ። ዕድሜህ ይርዘም፣ ልጄ።