ጠርዝ የሌለው ቀዳዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ረፋድ
ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት

ውድ ባለቤቴ፣

ጭነትህን ይዘህ ድንበር ከተሻገርክ አራት ወርህ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው። ፈርቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ተጸይፌያለሁ።

ስለ ልጃችን ልብ ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነግሮኝ ነበር፤ ወይ በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቀዳዳውን በክዳን መድፈን፣ ወይ ደረቷን ከፍቶ መጣፍ። አንተ ደግሞ ለወንድምህ ደውለህ "አንተ ወስን፣ እሷ አይገባትም" ብለሃል። እሁድ ዕለት እህትህን አስከትሎ መጣና ሳሎኔ ቁጭ ብለው በዘጠኝ ዓመት ልጅ ደረት ላይ ተጫረቱ።

"ደረቷ ከተቀደደ በኋላ ማን ያገባታል?" አለች እህትህ፣ አፏን በመሐረብ እየጠረገች።

"በቱቦው ይሁን፤ ጠባሳ የለውም" ብሎ ወንድምህ እንደ ዳኛ ደመደመ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው። አስጠሉኝ። የጠጡበትን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ሐኪሙ ሥዕል ሥሎ አሳይቶኛል። ቀዳዳው ጥግ ላይ ስለሆነ ክዳኑ የሚይዘው ጠርዝ የለውም፤ ቢሞከርም ተንሸራቶ ሊሄድ ይችላል። ይህን እንደ እኔ ላለች ልብስ ሰፊ ማስረዳት አያስፈልግም። ጫፉ ላይ የተቀደደ ጨርቅ ይጣፋል እንጂ ቁልፍ አይተከልበትም። መጣፊያውም ከራሷ ልብ ሽፋን ነው የሚቆረጠው። ለወንድምህ ስነግረው "አንቺ ደግሞ ልብን ከሱሪ ጋር" ብሎ ሳቀብኝ።

ግን እውነቱን ልንገርህ። ሐኪሙ ፊት መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጥያቄ "ጠባሳው ይታያል?" የሚል ነበር። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። ከሁላችሁም በላይ ያን ቀን ራሴን ተጸየፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ደረቷ እንዲከፈት ፈረምኩ። ወንድምህ የፈለገውን ይበል። ከገባች ሁለት ሰዓት ሆኗታል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ካስቸገረህ ለዚያ ነው።

አልጋዋን ሲገፉ ጣቴን ይዛ ምን አለችኝ መሰለህ?

"እማዬ፣ አባዬ ሲመጣ የምለብሰው፣ እስከ አንገቴ የሚዘጋ ቀሚስ ስፊልኝ። ጠባሳውን ካላየ አላስጠላውም አይደል?"

መንገዱን ያቅናልህ፤ ከአደጋም ይሰውርህ። ይህ ሲደርስህ ደውልላትና ስለ ጠባሳው ሳይሆን ትንፋሿ እንዴት እንደሆነ ጠይቃት። ቀሚሱን አልሰፋላትም።

የልጅህ እናት