ከአባባ ላፕቶፕ የጠፋው ድምፅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራ ዋልኩ። ልብስ አጠብኩ። የአባባን ላፕቶፕ ከርነል አደስኩለት። አሮጌው በየአሥር ደቂቃው እየደረቀ ሲያማርረው ከርሟል። ተገላገልክ አልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ላፕቶፑ አይናገርም። "የድምፅ ካርድ አልተገኘም" ይላል። ትናንት የነበረው የት ሄደ?

ለሌላ ሰው ቢሆን ቀላል ነገር ነው። አባባ ግን የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ዓመቱ። የሚተይበውን ላፕቶፑ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ሌላ ድምፅ የለውም። ወደ አሮጌው ልመልሰው? ያኛው ደግሞ ወሬ ሳይጨርስ ይደርቃል...

"ከርነል ምንድነው?" ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ዕቃውንና ፕሮግራሙን የሚያግባባ ሽማግሌ በለው አልኩት። "ታዲያ እሱን ማን ያስታርቀው?" ሳቅን።

ዓርብ፣ የካቲት 6

አሁን ሲፈልገኝ ያጨበጭባል። እኔ በክፍሌ፣ በኢንተርኔት የሥራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። "ቆይ አባባ!" አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው ሦስት? ወደ ክፍሉ ስሄድ ላፕቶፑን ከድኖ ግድግዳ ያያል። ምን ፈልገህ ነበር? እጁን አወናጨፈ። ተይው ማለቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ አላጨበጨበም። ከፋኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

በአሮጌውና በአዲሱ ከርነል መካከል ከየአገሩ ሰው ጽፎ የላካቸው ሁለት ሺህ ያህል ለውጦች አሉ። መሃል ላይ ያለውን መሞከር ነው። ከተናገረ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝም ካለ ከዚያ በፊት። ከቀረው ደግሞ እንደገና መሃሉን... አሥራ አንድ ሙከራ ይበቃል። እያንዳንዱ ግን ተሠርቶ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት።

የመሞከሪያውን ቃል እሱ መረጠ፦ "አለሁ"። አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ስም ጠርቷል፤ ተማሪዎቹ የሚመልሱለት ይህንኑ ነበር።

እየጠበቅን ምሳ አብረን በላን። እንዲህ ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን ነው? ሰባት ሙከራ አለቀ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ስምንተኛው ዝም። ዘጠነኛው "አለሁ" አለ። አሥረኛው ዝም። አባባ እንደ ፈተና ወረቀት ራይትና ኤክስ ያደርጋል። አሥራ አንደኛው ዝም።

አንድ ለውጥ ብቻ ቀረ። ማን ነው የሠራው ብዬ ከፈትኩት። ስሙ... የኔ ነው።

የኔ! ከአምስት ወር በፊት የራሴ ላፕቶፕ ድምፅ እምቢ ሲለኝ የጻፍኩት ማስተካከያ። በራሴ ማሽን ብቻ ሞክሬ ለከርነሉ ሠሪዎች ላክሁት። የማላውቃቸው ሰዎች አመሰገኑኝ፤ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ያው ካርድ ያለበት አሮጌ ሞዴል ከግድግዳው ማዶ አባባ ጋ እንዳለ እያወቅኩ፣ ተነስቼ አልሞከርኩም።

በምን አፌ ልንገረው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ነገርኩት። እርሳሱን አነሳ። "የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ።"

ለቀልድ ነው የጻፈው፣ ፊቱን አይቻለሁ። እኔ ግን አለቀስኩ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ሁለቱን ሞዴሎች የሚለይ ማስተካከያ ጽፌ፣ አባባ በራሱ ላፕቶፕ ከሞከረው በኋላ ላክሁ። እንደ ልማዱ ከግርጌው ችግሩን ያመለከተው ሰውና የሞከረው ሰው ይጻፋል። ሁለቱም ቦታ ላይ የአባባን ስም ከነአያቱ ጻፍኩ። ተቀባዩ "ሞካሪውን አመስግኚልኝ" ብሎ መለሰ። አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ።

ጠረጴዛዬን ወደሱ ክፍል አዛውሬዋለሁ። እየሠራሁ ሳለ ላፕቶፑ "ልጄ" ብሎ ተጣራ።

"አለሁ" አልኩ።

ቀስ ብሎ ተየበ። "ምንም። መኖርሽን ላይ ብዬ ነው።"

ባለፈው ዓርብ ሲያጨበጭብም ይህንኑ ይሆን የፈለገው? አልጠየቅኩትም።